መምህር ይልቃልና የአዴ ሃሊማ ዘንግ

የመምህር ይልቃልን ሞት የሰማሁት ሮቤ ገበያ፣ ሽንኩርት መደብ ላይ ነው። አንድ የድሮ ተማሪ «ጋሽ ደበሌ፣ ሰሙ? ያ ረጅሙ መምህር ዐረፈ እኮ» አለኝና ሽንኩርቱን መምረጡን ቀጠለ። ለካ ከተቀበረ ሰነባብቷል። የሰው ሞት ለእኔ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚነገረኝ። ለቅሶ ቤት ገብቼ ስለ ሟቹ እውነቱን ስለምናገር ይሆናል፤ ሰው ደግሞ በለቅሶ ላይ እውነት አይወድም።

ስለዚህ እዚሁ ወረቀት ላይ ልናገረው። ቀብሩ ላይ «ለማስተማር የተፈጠረ ሰው ነበር» ሳይሉ አልቀሩም። ውሸት ነው። ይልቃል ለማስተማር አልተፈጠረም። ከሥራው ጋር ሲተዋወቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ትውውቁም በሬ ከሸክላ ገበያ ጋር የሚተዋወቀውን ያህል ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና ትንጎማለላለች፤ ሮቤ ደግሞ ጭቃዋን ታቦካለች። እኔ በአንድ የሮቤ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ፍየል ከግቢ አባርራለሁ፣ ያረፈደ ልጅ በር ላይ አቆማለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ ሰሌዳ ላይ ያለው ሁሉ ለእኔ ዶሮ የጫረው ነው።

ይልቃል ከመንዝ የመጣ፣ ከማሠልጠኛ ለልምምድ የተላከ እጩ መምህር ነበር። ቁመቱ የስልክ እንጨት ያክላል። ኮቱን ሲሰፉለት ጨርቅ ያለቀባቸው ይመስል እጅጌው ክርኑ አጠገብ ይቀራል፤ ሲጨንቀው ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ስለሚጨንቀው ሁልጊዜ ይጎትተዋል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ሲቆጣ ደግሞ ይብሱን ይቀጥናል። ዲሬክተሩ ይህንን ሰው ምን ላይ ቢያሰማራው ጥሩ ነው? አንደኛ ክፍል ላይ።

ዲሬክተሩን «አሉ» እያልኩ አልጽፍም። ያን ጊዜ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው የነበረው ለደመወዜ ስል ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንቱታዬ የሚገባው ለአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ እሳቸው ሲመጡ ታውቋቸዋላችሁ።

የአንደኛ ክፍል ልጆች ብዛታቸው ሰማንያ ይሁን መቶ ማንም አያውቅም፤ ቁጭ ብለው አያውቁማ፣ ማን ይቆጥራቸው? አብዛኞቹ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን የሚማሩት እዚያው እየተራገጡ ነው። ይልቃል ግን ከማሠልጠኛው ትልቅ እውቀት ይዞ ነበር የመጣው። «ጋሽ ደበሌ፣ ሕፃን በዓይን ነው የሚገዛ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። ገባና ዓይኑን አፈጠጠ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀስ አድርጎ አዟዟረው። ልጆቹ አንጋጠው አዩት። ከዚያ ዘይነባ የምትባል ጥርሷ የወለቀ ልጅ ብድግ አለችና «መምህር፣ ዓይን አመመህ?» አለችው።

በማግሥቱ ጤና አዳም በቅጠል ጠቅልላ አመጣች። «እናቴ ጨምቀህ ጨምርበት ብላለች።» ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል፣ ወይ ተቀብሎ ይጥለዋል። ይልቃል ልጅቱ እንዳታፍር ብሎ እዚያው ክፍል ውስጥ ጨምቆ ዓይኑ ውስጥ ጨመረው። እስከ ማታ ሲያነባ ዋለ። ያን ቀን ልጆቹ እውነትም ጸጥ አሉ፤ የሚያለቅስ መምህር አይተው አያውቁም ነበር።

ቀጥሎ ቁጥር ሞከረ። «እስከ ሦስት እቆጥራለሁ! ሦስት ስል ያልተቀመጠ ወየውለት! አንድ!»

«አንድ!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

«ሁለት!»

«ሁለት!»

«ሦስት!»

«ሦስት!» አሉና ቀጣዩን ይጠብቁ ጀመር። ደግሞ እሱ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? «አራት» አለ። በዚያው አስር ደረሱ። ሲወጣ ፊቱ በርቶ «ቁጥር ያዙ እኮ!» አለኝ። አንዱም አልተቀመጠም ነበር።

ዲሬክተሩ አለንጋ ሰጠው። ይልቃል አለንጋውን በሁለት ጣቱ፣ የሞተ እባብ እንደሚያነሣ ሰው ይዞ መለሰለት። «ጌታዬ፣ የመታሁት ልጅ ክንዴን እንጂ ፊደሉን አያስታውስም።»

«ፊደሉን ባያስታውስም ቁጭ ይላል!» አለ ዲሬክተሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ደበሌ! ከነዱላህ ግባና ኋላ ተቀመጥ።»

«ገብቼ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ፊትህ ይበቃል።»

እንዲህ ሆነና በአርባ ዓመቴ ገደማ አንደኛ ክፍል ገባሁ። አግዳሚው ለሕፃን የተሠራ ስለሆነ ስቀመጥ ጉልበቴ ጆሮዬን ይነካል። ፊቴ አጠገቤ ላሉት ሠራ፤ ፊት የተቀመጡት ግን ጀርባቸው ላይ ዓይን ስለሌላቸው እንደ ልማዳቸው ይጋልባሉ። በዚህ ላይ ይልቃል እኔንም ከልጆቹ እኩል መጠየቅ ጀመረ።

«ጋሽ ደበሌ፣ ይቺ ማን ትባላለች?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ።»

«ዘበኛም ቢሆኑ ይቺ 'መ' ናት።»

ጀማል የሚባል፣ የክፍሉ ሽፍታ የሆነ ልጅ አግዳሚ ላይ ወጥቶ «ጋሽ ደበሌ አያውቅም! ጋሽ ደበሌ አያውቅም!» እያለ ዘፈነ። ሰው በፍቅር ይማራል ይላሉ። እኔ የተማርኩት በእልህ ነው። አንድ የዱላዬን ቁመት የማያክል ልጅ ሲስቅብኝ ከማይ ብዬ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ይልቃል አጥሩ ሥር የገብስ ቆሎ ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። እጅጌውን ጎተተ።

«ጋሽ ደበሌ፣ ነገ ኢንስፔክተሩ ከጎባ ይመጣል። ክፍል አያያዝ በሚባለው ከወደቅሁ መምህርነቱ ቀረ።»

«ቢቀር ምን ይሆናሉ?»

«ወደ አባቴ እመለሳለሁ። አባቴ 'ልጄ ሞፈር ሸሽቶ ነው ተማሪ የሆነ' ብሎ ለአገሩ ሁሉ ተናግሯል። ስመለስ በሬዎቹን ጠምዶ ደጃፍ ላይ ነው የሚቆየኝ። ማረሱን አልጠላም። እሱ ትክክል ሲሆን ማየቱን ነው የማልችለው።»

«ይወድቃሉ» አልኩት። እኔ አላባብልም።

«አውቃለሁ» አለና ከቆሎው ግማሹን ዘገነልኝ።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀማል የሰሌዳ ማመልከቻውን ዘንግ ጋልቦ ሰበረው። የባሌ ልጅ እንጨት ካየ ፈረስ ነው የሚታየው። ይልቃል ሌሊቱን ትምህርቱን ለግድግዳ ሲያስተምር አንግቶ፣ ጠዋት አርፍዶ ተነሣ። በባዶ እጁ ሊወጣ ሲል፣ በተከራየበት ቤት ግድግዳ ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ አየ። ቀጥ ያለች፣ ለስላሳ፣ ቅቤ ጠጥታ የምታብረቀርቅ። ባለቤቷ፣ አከራዩ አዴ ሃሊማ፣ ላም ሊያልቡ ወጥተዋል። «ማታ እመልሳታለሁ» ብሎ አንሥቷት በገብሱ ማሳ መሐል በአቋራጭ ሮጠ፤ በኋላ በኩል ገባ። እኔ የኢንስፔክተሩን ላንድሮቨር ስጠብቅ በዋናው በር ነበርኩ፤ ሲገባ አላየሁትም።

ላንድሮቨሩ መጥቶ ኢንስፔክተሩ እየወረደ ሳለ ከአንደኛ ክፍል በኩል አንድ ነገር ሰማሁ። ጸጥታ ሰማሁ። ከአንደኛ ክፍል ጸጥታ ሲሰማ ዘበኛ መሮጥ አለበት፤ ወይ ጣሪያው ወድቋል፣ ወይ እባብ ገብቷል። ሮጥኩ።

ይልቃል ሰሌዳው አጠገብ ዘንጓን ከፍ አድርጎ ቆሟል። ልጆቹ ሁሉ ደርቀዋል። ጀማልና አንድ ሌላ ልጅ ሲታገሉ ኖሮ ኮሌታ ተለቃቅቀው እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። ይልቃል ሲያየኝ ፈገግ አለ። እኔ ያየሁት ግን ፈገግታውን አልነበረም፤ የያዘውን ነው።

ሲንቄ ነበር የያዘው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሲንቄ በእኛ በአርሲና በባሌ አገር እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ዘንግ ናት። የሴት ክብር ናት። ወንዶች ጦር ተማዝዘው እንኳ አንዲት ሴት መሐላቸው ገብታ ሲንቄዋን ከፍ ካደረገች ጠቡ እዚያው ይቆማል። በሲንቄ አይመታም፣ አህያ አይነዳም፣ ፊደል አይቆጠርም። ወንድ ደግሞ አይነካትም። ያቺን ይህ የስልክ እንጨት ከአዴ ሃሊማ ግድግዳ አውርዶ «ሀ ሁ ሂ» ይልባታል!

ላስቆመው ስል ኢንስፔክተሩና ዲሬክተሩ ከኋላዬ ደረሱ። ኢንስፔክተሩ ገብቶ የእኔ ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ የእሱም ጉልበት ጆሮውን ነካ፣ በዚያች ትንሽ ተጽናናሁ። ትምህርቱ ቀጠለ። ዘንጓ ከፍ ስትል ጸጥ፤ ዝቅ ስትል ጉምጉምታ። ከፍ፣ ጸጥ። ኢንስፔክተሩ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ዲሬክተሩ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በዓይኔም በእጄም «ጣላት!» እለዋለሁ፤ እሱ ያደነቅሁት መስሎት እጅ ነሣኝ።

በዚህ መሐል ዘይነባ «ሽንቴ መጣ» ብላ ወጣች። ቤታቸው ከአዴ ሃሊማ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። ሽንት አልነበረም የመጣባት፤ ወሬ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የሴቶች ጩኸት ተሰማ። የሲንቄ ጩኸት የለቅሶ አይደለም፣ የሠርግም አይደለም፤ የሰማ ወንድ ሁሉ «እኔ ነኝ እንዴ?» ብሎ ራሱን የሚመረምርበት ጩኸት ነው። የአንዲት ሴት ክብር ሲደፈር የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሊጥም ቢሆን፣ ወተትም ቢሆን ጥለው ይወጣሉ። እያዜሙ መጡ፤ እያንዳንዳቸው ሲንቄያቸውን ይዘዋል፤ ከፊት ባዶ እጃቸውን አዴ ሃሊማ ናቸው።

«ዘበኛ ነህ፣ አስቁማቸው!» አለ ዲሬክተሩ።

«እርስዎ ያስቁሟቸው» ብዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ።

ሴቶቹ ላንድሮቨሩ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ኢንስፔክተሩ ኦሮምኛ ስለማያውቅ አስተርጓሚ ሆንኩ።

«ምንድን ነው የሚሉት?»

«ሲንቄዬን የወሰደው ወንድ ይውጣ ነው የሚሉት። ወንድ መሆኑንም ተጠራጥረዋል።»

«ይህ የመንግሥት ትምህርት ቤት መሆኑን ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። አዴ ሃሊማ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሲንቄዋም የመንግሥት ናት ወይ ይላሉ።»

ይልቃል ከነዘንጓ ወጣ፤ ፊቱ እንደ ጠመኔ ነጥቷል። «ጋሽ ደበሌ፣ ምን አድርጌ ነው?» ባጭሩ ነገርኩት። የሴቶቹን ቁጣ ከምንም አልቆጠረውም፤ አንድ ነገር ላይ ነው የቀረው።

«ታዲያ ልጆቹ ዝም ያሉት…»

«ለእርስዎ አይደለም» አልኩት።

እጅጌውን እንኳ አልጎተተም። «አሁን ምን ላድርግ?» አለ።

«እርጥብ ሣር ይንጩ። በሁለት እጅዎ ይዘው ይንበርከኩ። ሣር ይዞ የለመነ ሰው አይገፋም።»

ሰውየው በልክ የሚያደርገው ነገር የለም። ጎንበስ ብሎ ከነሥሩ፣ ከነጭቃው፣ ከነትሉ ጎትቶ አወጣ። ሣር ሳይሆን ማሳ ተሸክሞ ተንበረከከ። ጭቃው በኮቱ ላይ ይንጠባጠባል። አንዷ ሴት ሳቀች፣ ከዚያ ሌላዋ፤ አዴ ሃሊማ ብቻ ሳይስቁ ብዙ ቆዩ፤ በመጨረሻ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ካኢ» አሉት፤ ተነሥ ማለታቸው ነው። «ይሄ ልጅ እናት የለውም እንዴ? እናት ያለው ሰው የእናት ስጦታ አይነካም። በል፣ ከቤቴ እስክትወጣ ድረስ ውሃ የምትቀዳልኝ አንተ ነህ። በጀርባህ፣ እንደ ሴቶቹ።»

ተረጎምኩለት። «ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለት እንደሆነ ከልጆቹ ለምዷል። አዴ ሃሊማ ሲንቄያቸውን ተቀብለው፣ የጣቱን ጠመኔ በገዛ ኮቱ ጠርገው፣ ሴቶቻቸውን አስከትለው እያዜሙ ሄዱ።

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ኢንስፔክተሩ ግን የጻፈበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሌላ ንጹሕ ወረቀት አወጣ። «ዘንጓ ሄደች። ያየሁት የዘንጓን ክፍል ነው። አሁን ያንተን አሳየኝ።»

ዲሬክተሩ ውጭ ቀርቶ ሦስታችን ገባን። ውስጡ ገበያ ነው። ዘይነባ አዴ ሃሊማን ሆናለች፤ ጀማል ይልቃልን ሆኖ እጅጌውን እየጎተተ ተንበርክኳል፤ ሌላው ሁሉ ሴት ሆኖ ይጮኻል። ይልቃል እጁን አነሣ፤ ማንም አላየውም። ዓይኑን አፈጠጠ፤ «ጤና አዳም!» ብለው ሳቁ። ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን አሳየኋቸው፤ እሱም አልሠራም። ኢንስፔክተሩ ብዕሩን ከፈተ።

ይልቃል ያን ጊዜ እጁን አየ። ከዚያ ሁሉ ሣር ጥቂት ጣቶቹ መሐል ቀርቷል። አየውና፣ በልጆቹ ፊት፣ ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ ተንበረከከ። ሣሩን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

ከፊት ያሉት ዝም አሉ። ከኋላ «ምንድነው? ምንድነው?» ይባላል። «ሣር ይዟል! ለእኛ ነው የያዘው!» አለ አንዱ፤ ዝምታው እየተንከባለለ የኋላው ግድግዳ ድረስ ሄደ። ለእነዚያ ልጆች ማንም ሣር ይዞላቸው አያውቅም፤ ሣር ለትልቅ ሰው ነው የሚያዘው።

«ልጆች» አለ በዚያች ቀጭን ድምፁ፤ «ስመጣ አልጠየቅኋችሁም። አሁን ልጠይቅ። ላስተምራችሁ?»

ጀማል ተነሣ። የለበሳትን ቡትቶ ትከሻው ላይ እንደ ጋቢ አስተካከለ፤ እንደ አያቱ ሁለት ጊዜ ሳለ። «ቆይ፣ እንመካከር» አለ። ተሰበሰቡ፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ኢንስፔክተሩ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሊሰማ ሞከረ፤ አንዷ በክርኗ ገፋችው። ይልቃል እንደተንበረከከ ነው።

ጀማል ተመለሰ። «ፊደል ካለቀ በኋላ ተረት ትነግረናለህ።»

«ቶሌ።»

«ዘይነባ ሽንት ብላ አትወጣም። ወሬ ታወጣለች።»

«ውሸቱን ነው!» አለች ዘይነባ።

«ስትወጣ ሰው አብሯት ይሄዳል» አለ ይልቃል። ተስማሙ።

«ሌላው ደግሞ፣ ጋሽ ደበሌ ይውጣ።»

«ለምን?»

«ፊቱ ያስፈራል። ትንባሆ ይሸታል። ትልቅ ሰው ሆኖ ደግሞ ፊደል አያውቅም።»

ኢንስፔክተሩ «ይህስ ተገቢ ነው» አለ። «ዘበኛ ክፍል ውስጥ ምን ያደርጋል? ተቀበላቸውና ትምህርቱን ቀጥል።»

ወደ በሩ ዞርኩ። ውጣ ሲባል መውጣት የዘበኛ ሥራ ነው፤ ዱላዬንም አንሥቻለሁ።

«ጋሽ ደበሌ አይወጣም» አለ ይልቃል።

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንዳስነካ ቀና አለ። «ልጆቹ ሊታዘዙልህ ነው፤ አንተ በዘበኛ ልትወድቅልኝ ነው?»

«ጌታዬ፣ ከዚህ ሁሉ ተማሪ መሐል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያጠና እሱ ብቻ ነው። የጎጆው ግድግዳ በከሰል ፊደል ተሞልቷል፤ በስንጥቁ አይቻለሁ። 'ረ'ን እየገለበጠ ይጽፋታል። ሳላቃናለት አላስወጣውም።»

እኔ ያንን ግድግዳ ያየ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፊቴን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ያ የሚያስፈራው ፊት።

ጀማል እንደገና ተመካከረ፤ ረዘም ያለ ምክር ነበር። መጥቶ እኔ ፊት ቆመ። «ይቀመጥ። ዱላው ግን ውጭ ይደር። ትንባሆውም። ሲጠየቅ ደግሞ 'ዘበኛ ነኝ' አይበል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ኢንስፔክተሩም ዞረ። በሕይወቴ የመንግሥት ሰው የእኔን ቃል ሲጠብቅ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። እንቢ ብል ይልቃል መንዝ ነው፣ በሬዎቹ ተጠምደው ቆመዋል። ልጅ ሊያዘኝ! ጥርሴን ነክሼ «ቶሌ» አልኩ። ዱላዬንና የትንባሆ ኮረጆዬን ደጅ አኑሬ ተመለስኩ፤ የእኔን ቦታ ኢንስፔክተሩ ስለያዘው ጀማል አጠገብ ተጣብቄ ተቀመጥኩ።

ይልቃል ተነሣ፤ ጉልበቱ ላይ ጭቃ አለ። ማስተማር ጀመረ። ፍጹም ጸጥታ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ አንዱ ስቅታ ይዞት ነበር፣ ሁለቱ ተቆናጥጠዋል። ግን ይሰሙት ነበር። እሱን ራሱን። ከ«ረ» ወደ «ሰ» ሄድን፣ ከ«ሰ» ወደ «ሸ»። ፊደሉ አልቆ ተረት ጀመረ። ተረቱም አልቆ ሌላ ጀመረ። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ፣ አሁንም አየ።

«የዚህ ትምህርት ቤት ደወል አይደወልም እንዴ?»

ደወሉን የምደውለው እኔ ነበርኩ።

ዲሬክተሩ በሩን በርግዶ ገባ። «ደበሌ! ክፍሉ ሁሉ ታፍኖ ቀረ እኮ! ምሳ ሰዓት አልፏል! ተነሥተህ ደውል!»

ጀማል ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ዝም በል፣ እየተማርን ነው።»

ኢንስፔክተሩ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ፈረመና ለዲሬክተሩ አቀበለው። «አልፏል» አለ። «አንተም ወይ ውጣ፣ ወይ ተቀመጥ።»

ዲሬክተሩ እኔን አየኝ። መነሣት ነበረብኝ፤ የምበላው እንጀራ ነው። ይልቃል ግን ተረቱን ጅቡ ጉድጓድ ውስጥ ሊገባ ሲል አቋርጦት ነበር። ያን ቀን የትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ምሳቸውን አርፍደው በሉ።